ሠላሳ ሰባት ሽምብራ

ማክሰኞና ዓርብ ያንቺ ቀን ነው፣ የኔም።
ሲስተር ጥሩወርቅ መርፌዎቹን ስትሰካ ዞሬ ግድግዳ አያለሁ፤
የደም ነገር አልችልም።
አንቺ ነሽ የምትገፊኝ፣ ከአልጋው ላይ እንዳለሽ፣
«ደሜ እየሮጠ ነው፤ አንተን ምን ያቆምሃል?» ብለሽ።

አራት ሰዓት ሙሉ አለኝ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ።
ጫማዬን ከአልጋሽ ሥር ስቤ፣ ክሩን ሁለቴ ቋጥሬ፣
በሸዋ በር አድርጌ ሐረጎ እስክደርስ
ቁልቁል እለቀዋለሁ።
መውረዱስ ለማንም ነው፤
ስትመለስ ነው ልክህን የምታውቀው።
አይሱዙው በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፣ እኔም ከጎኑ፤
ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አብሽር አባባ!» ይለኛል።
ወይ ዘመኑ!
አባባ ተባልሁ፣ ሉባባ፣ ገና በአርባ አራቴ፤
ያቺን ብቻ ሳልነግርሽ ይዣት ገባሁ ወደ ቤቴ።

ስመለስ ደቂቃዬን አትጠይቂኝም፤ ወሬ ነው የምትፈልጊው።
«ቶሳ ጭጋጉን አወለቀ? ያ ቡችላ ዛሬም ተከተለህ ወይስ ተወው?»
ስለዚህ ሌላው ሰዓቱን ሲያይ፣ እኔ መንገዱን እለቅማለሁ፦
አጥር ላይ የተረሳ ቀይ ጀርሲ፣ ጎማው የወለቀ ጋሪ፣
አህያውን እንደ ሰው የሚለምን አዛውንት።
ሳልነግርሽ የዋልሁት ነገር ግን ነበረኝ፣ ውሃ ናት።

ላንቺ በቀን የተፈቀደችው ስድስት ሲኒ ናት፣ ተለክታ፤
እኔ ላቤ ጀርባዬ ላይ ጨው ሆኖ ስገባ ማታ
ከጓሮው ቧንቧ ሥር ተደፍቼ፣ እንዳይጮህ አፉን በጣቴ ይዤ፣
እንደ ሌባ እጠጣለሁ፤
ከንፈሬን በእጅጌዬ ጠርጌ እገባለሁ ተክዤ።
አንድ ቀን፣ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «ጠጣህ?» አልሽኝ።
«አዎ።»
«ቀዝቃዛ ነበር?»
«ቀዝቃዛ።»
ዓይንሽን ጨፈንሽ። ጉሮሮሽ ወጣ ገባ አለ፣ እንደሚጠጣ ሰው።
ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን አልደብቀው።

የኮምቦልቻው ግማሽ ማራቶን እሑድ ነበር።
የደረት ቁጥሬን ከመጋረጃው ላይ ሰክቼው ነበር።
ቅዳሜ ሌሊት ትንፋሽሽ አጠረ፤
እግርሽን በጣቴ ብጫነው፣ እንደ ሊጥ፣ ጉድጓዱ ቀረ።
በእንድሪስ ባጃጅ ሄድን፤ በባጃጁ ሲነጋ ተመለስን።
ከቀትር በኋላ፣ ሯጩ ሁሉ ሜዳልያውን አጥልቆ ከገባ በኋላ፣
አንቺ ነሽ ከትራስሽ ቀና ብለሽ ያመጣሽው መላ፦
«ግቢውን ዙር። በመስኮቴ እለፍ። እኔ እቆጥራለሁ።»

አንድ ኩባያ ሽምብራ ከጭንሽ ላይ፣ ባዶ ሲኒ ከጎን፤
ባለፍሁ ቁጥር አንዷ ፍሬ ቀጭ ትላለች፣ ዳኛው ይኸው ሆነን።
ዙሩ ሰባ እርምጃ ነው። ሁለት መቶ ስድሳ ጊዜ ማለት ነው።
ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ጎንበስ፣ የጎመኑን መደብ ዘለል፣
የጎረቤት ዶሮ በእግሬ መሐል ገብታ ይቅር በይኝ ስትል፤
ቀጭ።
ቀጭ።
ከዚያ ዝም።

ሠላሳ ሰባት ነበር። አንዲት ፍሬ ከመዳፍሽ እንደያዝሽ
እንቅልፍ ወስዶሻል፤ ከሌሊቱ ሁሉ የተሻለ ትንፋሽ እየተነፈስሽ።
አልቆምሁም። በእግሬ ጣት ሮጥሁ፣ ኮቴዬን አለዝቤ፣
በየዙሩ ትንፋሽሽን እያደመጥሁ፣ ከመስኮቱ ቀርቤ፤
የራሴ ቁጥር ጠፋኝ። የመግሪብ አዛን አገኘኝ፣ ገና ስዞር።

ስንት ሮጥህ? ይለኛል እንድሪስ።
በዳኛ የተቆጠረው ሠላሳ ሰባት ዙር፤
ሌላው እንቅልፏ ውስጥ ነው፣ እዚያ ገብተህ ቁጠር።

ያቺን ሠላሳ ስምንተኛ ከመዳፍሽ ቀስ ብዬ ወሰድኋት።
ማክሰኞ ከኪሴ ነበረች፣ ሐረጎን ስወርድ፤
ስወጣም።