ረዳት ግስ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣
ከዓሣ መጋዘኑ፣ ከደረጃው በላይ፤
አሥራ አንድ ተማሪ ጃኬት እንደለበሰ፣
ከጥፍሩ ሥር ቅርፊት ገና ያልታበሰ።
መምህርት ግሌኒስ፣ ጡረታ የወጣች፣
መነጽሯን አውልቃ ሁለት ቃል አመጣች።

«‹መስት› ከውስጥ ነው» አለች ደረቷን ነክታ፤
«‹ሃቭ ቱ› ግን ከውጭ» — ፋብሪካውን አሳይታ።
«‹ሹድ› ደግሞ ምክር ነው፤ ቢሰሙት ይበጃል፣
ባይሰሙትም ቅሉ ሌሊቱ ይነጋል።»

ፌሊስቤርታ፣ የቲሞሯ፣ እጇን አነሣች፦
«ሕፃኔ አሥር ሰዓት ሌሊት ሲያለቅስብኝ
የምነሣው ታዲያ ከውስጥ ነው ከውጭ? እስቲ ንገሪኝ።»
ክፍሉ ሳቀ፤ ግሌኒስም ሳቀች፤
ሰሌዳው ላይ ግን መልስ ሳትጽፍ አለፈች።

«አሁን ተጠንቀቁ፤ አሉታ ሲመጣ
በእነዚህ መንትዮች መካከል አለ ጣጣ።
‹ዶንት ሃቭ ቱ› ማለት ብትተወው አይከፋም፤
‹መስንት› ግን ዝግ በር ነው፤ ብትለምን አይሰማም።»

ከኋላው ረድፍ የሪምቪዳስ እስክሪብቶ ቆመ።

በየካቲት ነበር። ደረቱ ተቀዶ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣
ስልኩን በግራ እጁ፣ መነጽሩን ረስቶ፣
ለልጁ ጻፈላት፣ ሊድስ ላለችው፣
በሦስት ዓመቷ መጥታ
የአባቷን ቋንቋ ከአፏ ለጣለችው።
ባቡሩ ውድ ነው። ፈተናም አለባት።
«አትቸገሪ ልጄ፣ ባትመጪም ግድ የለም» ሊላት፣
ቃል ቸግሮት፣
«ዩ መስንት ካም» ብሎ ላከላት።

አውስቴያ አልመጣችም።
አሥራ ሁለት ቀን በሩን አየው።
ነርሷ ገባች፣ ሾርባ ገባ፣ መወልወያ ገባ።
እሱ ከጫንቃዋ ሸክም ያወረደ መስሎት፣
እሷ ከደጅ የተባረረች መስሏት፣
በየቤታቸው ተቀየሙ።
«ምን ማለትህ ነው?» «ምን ማለትሽ ነው?»
አልተባባሉም።

በእኔ ቋንቋ ቢሆን፣ ግዴታም «አለብኝ»፣
ዕዳም «አለብኝ» ነው፣ ሕመምም «አለብኝ»፤
ጀርባ ላይ ይወጣል እንጂ፣ ከየት መጣህ አይባልም።
ለሪምቪዳስ ግን ይህ ምንም አይጠቅመውም።

ትምህርቱ ሲያበቃ ደረጃው ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣ።
«ዩ ሹድ» ብሎ ጻፈ። ምክር ነው፤ አጠፋው።
«ዩ ሃቭ ቱ።» ያ ከውጭ ነው፤ አጠፋው።
ታች ፎርክሊፍቱ ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል፤
አውራ ጣቱ አሁንም የበረዶው ነው።
«አይ መስት» ብሎ ጻፈ።
ረዳት ግስ ብቻውን አይቆምም፣ ብላ ነበር ግሌኒስ፤
ዋናውን ግስ ፈለገ፦ ማየት? መጠየቅ? መካስ?
ከታች ሰው እየወጣ ነው፤ መንገድ ልቀቅ አለው።

እንዳለ ላከው።