ኮከብ ቆጣሪ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ «ኮከብ ቆጣሪ» እላለሁ፤
ያስቃል፤ እውነትም ነው፤ ደመወዜን በዚሁ እበላለሁ።
የሰው ስም ከእናቱ ስም ደምሬ በአሥራ ሁለት አልገድፍም፤
መጪውን አልናገርም፣ ክታብም ለማንም አልጽፍም።

ዊኒፔግ፣ አራተኛ ፎቅ። መስኮቱን በረዶ ጋርዶታል፤
የምጽዋት መዝገብ ተከምሮ፣ ጠረጴዛዬን ከብዶታል።
ማን ፈረመ? ለሾርባው ስንት ወጣ? ለቢሮው ስንት ቀረ?
ሒሳቡን የውጭ ዓይን አየው ወይስ ቤተኛው ብቻ ደመረ?
ይህን አይቼ፣ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ፤
ለማያውቃቸው ሰጪ፣ የደጃቸውን መብራት አወጣለሁ።

«ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አትወቅ» ተብሏል፤ እሺ።
እኔ ግን ያቺ ግራ እጅ ነኝ፤ ፋይል አገላባጭ፣ ከመብራት ጋር አምሺ።

አንድ ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ኦስታፕ ቲምቹክ ነበሩ፣
አርባ ዓመት ከባቡር ሆድ ሥር ፍሬን ሲጠግኑ የኖሩ።
«ሰባት መቶ ዶላር አለኝ። የሊዩባ ነው፣ የሟች ሚስቴ፤
በብስኩት ቆርቆሮ ያኖረችው፣ ተደብቆ ከገዛ ቤቴ።
አምና አንድ ሰው፣ 'እሳት ለበላቸው ሕፃናት' ብሎ ደወለ፤
ላክሁለት። ሕፃናቱም የሉም፤ ሰውዬውም የለ።
ከዚያ ወዲህ እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ ይመለሳል።
ክፉ ሆኜ አይደለም ልጄ፤
ፍሬን ሳልፈትሽ ባቡር ለቅቄ አላውቅም።»

በዚያው ሳምንት ሁለት ኮከብ ሰጥቼ ነበር ለ«ሙቅ ክፍል»፣
የአረጋውያንን ማሞቂያ በነጻ ለሚጠግን፣ ለሚተክል።
ደረሰኙ በጫማ ካርቶን፤ ቦርዱ ባልና እኅት።
መሥራቿ መጣች፤ ኮርዴሊያ ላፍሬኔር፣ ጓንቷ ላይ ጥቀርሻና ቅባት።

«ሁለት?» አለች። «ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት፣ ሌሊት፣ ቱቦ ታቅፌ ስሳብ፣
አንተ ተረከዝህን አሙቀህ፣ የእኔን ላብ ስታሰላ በሒሳብ!
ሙቀት በስንት ኮከብ ይለካል?»
ዝም አልሁ። ልክ ናት። ኮከብ ያበራል እንጂ ማንን ያሞቃል?
አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ «አምና ስንት ጠገንሽ?»
«መቶ አሥራ ሁለት።»
«ጥር ሲያልቅ ስንቱ ይነድ ነበር?»
አፏን ከፈተች። ዘጋች። ጓንቷን አጥልቃ ወጣች።

መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ፣ በእርሳስ የተጻፈ፦
«መቶ አሥራ ሁለቱንም በር አንኳኳሁ። ሠላሳ አንዱ፣ ሳምንት ሳይሞላው፣ ጠፍቶ ክረምቱ አለፈ።
የሰማንያ ሰባት ዓመቷ ጉድሩን ካፖርት ለብሳ ትተኛለች፤
'እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው' አለች።
ርካሽ ዕቃ ነው የገዛሁት። ለምን መሰለህ? ወጪዬ እንዲያንስ፣
መዝገቤን ስታዩ 'ቁጥብ ናት' እንድባል፣ ኮከቤ እንዳይቀንስ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ለአለቆቼ አነበብሁ።
ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የእኛ ማሞቂያ ብቻ ያጉረመርማል።
ሲመዝን የኖረ ሚዛን፣ ራሱ ሲመዘን ይከብዳል።
ከቅጹ ላይ «ዝቅተኛ ወጪ» የሚለውን ነጥብ ሰረዝን፤
በቦታው «ከወር በኋላስ?» ብለን ጻፍን።

ዛሬ «ሙቅ ክፍል» አራት አለው። ቦርዱ ውስጥ ባዳ ገብቷል፤
ደረሰኙም ከካርቶኑ ወጥቷል።
ቲምቹክ ዘገባውን በማጉያ መነጽር አነበቡት፤ ሦስት ቀን ፈጀባቸው።
ግማሹን ገንዘብ ላኩ። ግማሹን ያዙ።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መፍቻቸውን በኪሳቸው ከትተው፣
ከኮርዴሊያ ኋላ ይሄዳሉ፤ ይነድ እንደሆነ ሊያዩ።

ትናንት ደወሉ። «አምስተኛዋ ኮከብ የት ገባች?»
«ቼኩ ሁለተኛ ፊርማ ይጎድለዋል፤ እኅቷ ብቻዋን ትፈርማለች።»
ሳቁ። ሳላቸው እስኪነሣ ሳቁ።
«ሊዩባም ቆርቆሮውን እኔን ሳታስፈርም ነው ያኖረችው።»
ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
«ሁለተኛ ፈራሚ ካጡ፣ የእኔ እጅ ገና አይንቀጠቀጥም፤ በላቸው።»