ከፊትም ከኋላም

ወፍ ልታይ ነው የመጣች፣ በየካቲት አጋማሽ።
ሂስተር ክሪል ትባላለች፤ ሰባት ልቦለድ ጽፋለች፤
«አራቱን በጎቼ ይወዱታል፣ ሦስቱን ፖሊስ» ትላለች።
እኔ ያኔ ሐዋሳ፣ አቶቴ፣
በእንግዳ ማረፊያ ቀን ቀን ቁልፍ ያዥ፣
ሌሊት ሰራዥ ደላዥ።

አሞራ ገደል ወረድን።
አባ ኮዳ ቆሟል፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ
ኮቱን ደርቦ፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቅ እንደኛ።
«ለምን በዚያ ቋንቋ ጻፍሽ?» አልኳት፣
«ወረቀትህ የታለ እያለ፣ ጥቁሩን ከመንገድ በለቀመበት?»
ዝም አለች። ሲጋራ ለኮሰች። ነፋስ አጠፋባት።

«አባቴ ሳጅን ነበር፤ በዚህ ቋንቋ ይሳደባል።
ሚና፣ ሞግዚቴ፣ በዚሁ ስታባብለኝ እንቅልፌ ይመጣል።
ወጥ ቤት ነው የተወለደው፣ በባሪያ አፍ፣ በሎሌ፤
ሳሎን የወሰዱት ኋላ ነው።
ወደ ወጥ ቤቱ ልመልሰው፣ ይኸው ነው ውሌ።

ደግሞ በኛ ቋንቋ፣ ‹አይ› ሁለት ጊዜ ነው የሚባል፤
አንዴ ከግሡ ወዲያ፣ አንዴ ነገሩ ሲያበቃ፣
በር ዘግቶ መሸጎር ይመስላል።»

ሳቅሁ። «በአማርኛም እኮ
በ‹አል› ከፊት ዘግተን፣ በ‹ም› ከኋላ እንቆልፋለን፤
አልሄድኩም፣ አልበላሁም፣ አልፈራሁም እንላለን።»
ደብተር አውጥታ ጻፈች።

ያልነገርኳት ግን አለ።
ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሲዳምኛ ውሃ ጠየቅሁ፤
ጣውላ ባንገቴ አንጠልጥዬ እስከ ደወል ዋልሁ።
ልጆቹ ሲስቁ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ
ጣውላው ላይ ያለውን ፊደል አነብባለሁ፤
ቆንጆ ነበር። «ሀ»ው በተለይ።
ወደዚህ ቋንቋ የገባሁት እንዲህ ነው፤
ባንገቴ።

ሞተች አሉ፣ ባራተኛው ዓመት።
ሰባተኛው መጽሐፏ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር፣
በፖስታ መጣልኝ፤ ጠርዙ ዝናብ መትቶት።
እተረጉማለሁ፣ መብራት ሲኖር፤
ገጽ አርባ ሁለት ላይ ቆምኩ፤
ሞግዚቷ ጓዟን ጠቅልላ፣ ደጃፍ ላይ፣
«አልመለስም» የምትል ቦታ።

አማርኛው ወዲያው መጣ፤ ግጥም ያለ፤
ከፊትም ከኋላም ዝግ።
ሦስት ቀን አየሁት። ደስ አላለኝም፤
ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።
ዱካሌ እንሰት ትፍቃለች፣ እግሯን ዘርግታ።
«በኛ ‹አይደለም› ስትይ እንዴት ነው?» አልኳት።
ሳቀችብኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰምቼው።
«‹ዲ› ነዋ፤ አንዴ፣ ከፊት።»
«ኋላውስ?»
«ኋላውን ምን ትዘጋዋለህ» አለች፣
ፍቅፋቂውን ወደኔ እየገፋች፣
«ሰው ይገባበታል።»