ፈለግ

ከሩስታቅ በላይ፣ ተራራው ከተሰነጠቀበት፣
ውሃው ከድንጋይ ሥር ቀስ ብሎ ከሚወጣበት፣
ሁለት ሴቶች ቆመናል፣ በግንባራችን መብራት፣
እስከ ጉልበታችን ውሃ፣ እስከ ወገባችን ሌሊት።

መረቡን የያዝኩ እኔ፤ ዶክተር ዙወይና ሰዓት ትቆጥራለች።
"አሥር ደቂቃ ነው፣ እንዳታነቃንቂው" ትላለች።
እናቷን ላስታምም ነበር መጀመሪያ የመጣሁት፤
አሮጊቷ ሲያርፉ፣ ለልጅቷ መረብ ያዥ ሆንኩላት።
ደመወዙ ያው ነው። ሥራው ግን ይሻላል፤
ትል ከሰው ይቀልላል።

ከነጭ ሳህን ላይ የያዝነውን ስንዘረግፍ
ይርመሰመሳል፤ እግር፣ ጭራ፣ ገና ያልተፈታ ክንፍ።
"ይሄ ቅጠል ሸርካች" ትላለች፣ በወረንጦ እየነካካች፣
"ይሄ ድንጋይ ላሽ፣ ይሄ ወጥመድ ዘርጊ፣ ያቺ የሁሉም ጅብ ነች።
የላዩ ያላመጠው ለታቹ እራት ነው" አለች።
"ቅንጣት ጨው እንኳ ቀጥ ብላ አትወርድም፤
ሽበቱ ይይዛታል፣ ቀንድ አውጣ ሽበቱን ሳይግጥ አያድርም፣
ቀንድ አውጣው ይሞታል፤ ትለቀቃለች፣ ደግሞ ትያዛለች፤
እየዞረች ነው የምትሄድ፣ እየተበደሯት ትጓዛለች።"

እኔም አሰብኩ፤ "ዓባይ ማደሪያ የለው፣
ግንድ ይዞ ይዞራል" ብለን የምናማው፣
ለካስ ግንዱ ነው ማደሪያው!
ከግንዱ ሥር ነው ቅጠል የሚጠራቀመው፣
ከግንዱ ሥር ነው ትሉ ጎጆ የሚቀልሰው።
ብነግራት ሳቀች፤ በደብተሯ ጻፈችው።

ሌሊት ነው የሚሄዱት። ቀን ዓሣው ያያቸዋል።
ሲጨልም ጥፍራቸው ከድንጋዩ ይላቀቃል፤
አንዱ ሲለቅ ሌላው ይለቃል።
ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፣ አገሬም ብሎታል።

እኛም ሌሊት ነበር። ደላላው "መብራት አጥፉ" አለ፤
ከቦርከና ማዶ የመኪናው ሞተር እንደ ጋለ፣
ጦይባ ቀድማ ገባች፣ ሉባባ እሷን አይታ፣
እኔ ሉባባን አይቼ፤ ማንም አልጠየቀ ላፍታ።
ቀበሌው ጥርሱ እንዳለቀ አፍ፣ ከዚያ ወዲያ ጸጥታ።
ቦርከና ለአዋሽ ያስረክባል፣ አዋሽ በረሃ ይቀራል፤
ወንዛችን ያላየውን ባሕር የወንዙ ልጅ አይቶታል።

"ታዲያ" አልኳት፣ "ሌሊት ሌሊት እንዲህ ከወረዱ፣
ላዩ ስለምን ባዶ አልቀረም? ስለምን አላለቀ ዘመዱ?"
"ሊቆቹም በዚሁ ነገር እስካሁን ይከራከራሉ።
እኩሌቶቹ፦ ክንፍ ሲያበቅሉ፣ ሴቶቹ ሽቅብ ይበራሉ፣
እንቁላል ከምንጩ አፍ ይጥላሉ።
ሌሎቹ፦ የለም፣ ላይ የቀሩት ጥቂቶች ይበቃሉ።"
"የቱ ነው እውነቱ?"
"ለኛ ዋዲ ገና አልቆጠርነውም።
የሰዎቹ ወንዝ ጫካ ያለው ነው፣ ዓመቱን የሚፈስ፤
የኛ ሞቶ ይከርማል፣ ባንድ ጎርፍ ተነሥቶ ሊያፈርስ።"

እኛ ደካማ ሐሳብ ሲገጥመን "ወንዝ አያሻግርም" እንላለን።
ይህን ዋዲ ከመንደሩ በታች ስምንት ወር በደረቅ ጫማ እንሻገራለን፤
ሊቃውንቱ ብቻ ይሰምጣሉ።

ሲነጋ ወረድን። ከመንደሩ ጫፍ፣ ከቴምሩ ጥላ፣
ሽማግሌው ሙርሺድ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ አንሥቶ፣ ውሃውን ወደ ሌላ
ማሳ አዞረ። ተራው ነው። ማንም አልተጣላ።
"ፈለጅ" ይሉታል ቦዩን። ጎረቤታችን መሪጌታ አስረስ
"ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ነው" ይሉን ነበር፣ እግራችን ቦርከና ሲርስ።
ለኛ ፈለግ ዱካ ነው፤ የሄደ ሰው የተወው፣ አፈር ላይ።
ቃሉ ከየት ወዴት እንደ ፈሰሰ፣ የቱ ታች የቱ ላይ፣
እሱንም ገና አልቆጠርነውም።

መኪና ውስጥ፣ እጅጌዬ ላይ፣ አንዲት ክንፋም አገኘኋት፤
ዕድሜዋ አንድ ቀን ነው፣ መብያ አፍ እንኳ የላት።
መስኮቱን ዝቅ አደረግኩላት።
ወዴት እንደ ዞረች አላየሁም፤ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ።
ዙወይና ሰንጠረዡን ዘርግታ "ሽቅብ ነው ቁልቁል?" ስትለኝ፣
እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር።