ሁለት ሽበት

በኤረር በር በኩል፣ ከግንቡ ሥር ቆሜ፣
የሽቦ ብሩሽና ባልዲ ተሸክሜ።
«ፋቀው» አለኝ አለቃው፤ «እንግዳ ይመጣል፣
ግንቡ ሽበት ይዞ ለዓይን ያስጠላል።»

የድንጋይ ሽበት ነው ልፍቀው የታዘዝኩት፤
ሳንቲም የሚያህል ክብ፣ ዐመድ የመሰለ፣ ዳሩ ቢጫ ያለበት።

ቀና ስል፣ ካናቴ በላይ፣ ተቀምጧል ዝንጀሮ፣
ሽበታም ጎፈሩን እንደ ካባ ደርቦ፣ ጆሮውን ቆርቁሮ።
ሦስት ሚስቶች አሉት። አንዷ ራቅ ካለች
ቅንድቡን ያነሣል፤
ካልገባት፣ ማጅራቷን ተነክሳ ትመለሳለች።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይሏታል ዝንጀሮን።
እውነቷን ነው።
ይኼኛው ሽበት ግን መቀመጫ አልጠየቀም፤
ተቀመጠ እንጂ። አልጮኸም፣ አልሰረቀም።
ካፊያ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይልሳል፤
እኔ ጥፍሬን መቶ ጊዜ ስቆርጥ
እሱ የአንድ ጥፍር ውፍረት ይገፋል።

ጎረቤቴ ነጂብ፣ ባዮሎጂ ያስተማረ፣
«ሁለት ፍጥረት ነው» አለኝ፣ «ባንድ ገላ ያደረ፤
አንዱ ሻጋታ ነው፣ ቤቱን ይሠራል፣ ውኃ ይይዛል፤
አንዱ አረንጓዴ ነው፣ ከብርሃን ያበስላል።»
ማን ማንን እንዳገባ ጠየቅኩት። አያውቅም።
ማጅራት የነከሰ ግን ከሁለቱ የለም።

እኔ ኢፍቱን ሠላሳ ዓመት ጠበቅኋት፤
ከሸዋ በር ገበያ ጥቂት ብትዘገይ
ቅንድቤን አነሣሁባት።
ነክሼ አላውቅም።
ይህን ለራሴ ስል፣ ዝንጀሮው አዛጋ፣
ጥርሱን እንደ ማስረጃ ፊቴ እየዘረጋ።

ብሩሹን አስቀመጥኩ። ውኃ ዘገንኩና
ያንን ክብ ረጨሁት፤ ዐመዱ ሸሸና
አረንጓዴው ወጣ፣ ከውስጥ፣ ቀስ እያለ፣
ደጁ እንደተንኳኳ ሰው «ማነው?» እንዳለ።

ዝንጀሮው በዚህ መሐል ፌስታሌን ፈትቶ፣
ኢፍቱ የቋጠረችልኝን ሙልሙል አንሥቶ፣
ቤተሰቡን እየነዳ ወደ ሐኪም ጋራ ሄደ።
አንዷ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እሷም።

እንግዶቹ መጡ። ግንቡ እንደ ሸበተ ፎቶ አነሡት።
የቀን አበሌ ተቆረጠ።

ማታ ቤት ስገባ ኢፍቱ የለችም፤
እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ መቼ እንደምትመጣ አላለችም።
ስልኩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
ሽንኩርት ላጥኩ፣ ውኃ ጣድኩ፣
በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኋት፤
ሌላውን መጠበቅ።