አድራሻ

ታኅሣሥ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ሞቀና፣
ውርጭ የለመደው አፈር ላብ አጠመቀውና፣
ቨርሊን ታኬት ወጥቶ፣ ሳይደርብ ካፖርቱን፣
አሸተተ አየሩን፣ ቃኘ ደመናውን።
«ይኼ ሙቀት» አለ፣ «የታኅሣሥ አይደለም፤
ያለ ቀኑ ከመጣ እንግዳ ደግ የለም።»

ከኬንታኪ ምዕራብ፣ ከወንዙ መታጠፊያ፣
አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣
ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ስድሳ የሚያህል ቤት፤
ካትሌት ፌሪ ይህች ናት፣
ደብዳቤ ያደለባት ሠላሳ አንድ ዓመት።

ሳይረኑ ጮኸ፣ ጮኸ፤ መሐል ላይ ተቆረጠ፤
የገና አምፖል ሁሉ አንድ ጊዜ ፈጠጠ፣
ከዚያ ድርግም አለ።

በቀን የመጣውን አይተው ይሸሹታል፤
የሌሊቱን ግና በጆሮ ያዩታል።
መብረቅ ሲፈነጥቅ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣
ታየ የሚራመድ ግንብ፣ ሰማይን የሚያህል፤
ደግሞ ጠፋ።
ድምፁ ባቡር ነው ይላሉ።
ባቡር ግን ሐዲድ አለው፣ ጣቢያ አለው፣ ሰዓት አለው፤
ይኼ ምን አለው?

ከመታጠቢያ ገንዳ ፍራሽ ደርቦ ገባ፣
መቁጠር ጀመረ፤ ሳይደርስ ከአርባ
ጣሪያው ብድግ አለ፣ እንደ ቆብ ለሰላምታ።
ከዚያ ዝናብ ብቻ። ከዚያ ጸጥታ።

መንገዱን በማግስቱ የለኩት ጻፉት፦
ወርዱ ግማሽ ማይል፣ ርዝመቱ ዐሥራ ዘጠኝ።
ከትምባሆ ማድረቂያው ተነሥቶ፣ ወንዙን ዘሎ፣
የዛፉን ቅርፊት ልጦ፣ ሣሩን ከሥሩ ነቅሎ፣
የመቃብሩን ድንጋይ በግንባሩ ደፍቶ፣
የኦፓልን እንቁላል ግን፣ ዐሥራ ሁለቱንም፣
ከነካርቶናቸው፣ ሳይሰነጥቅ ትቶ።
ይህን ግን አልጻፉም፤ መለኪያ የለውም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አዳኞቹ መጡ፣
ከጎረቤት አውራጃ፣ በጭቃ እየሰመጡ።
ካርታ በእጃቸው ነው፤ ካርታው ግን ምን ይርዳ፣
ጎዳናው ስም አጥቶ፣ ምልክት ሲከዳ?
ሁሉም ቤት አንድ ሆኗል፤ ጣውላ ነው፣ ስብርባሪ።
«የት ነው ያለነው?» አለች አንዲቷ፣ ባትሪዋን አብሪ።

ያኔ ነው ሽማግሌው፣ ግንባሩ እየደማ፣
አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ ያለ ጫማ፣
ከጨለማው የወጣ።
«ተከተሉኝ» አለ። «ዓይኔ በሩን ባያይ
እግሬ ያውቀዋል።»

ከድልድዩ ጀመረ፣ እንደ ሥራ ቀኑ፣
የሌለ ቦርሳውን በትከሻው እንዳለ ጎበጥ ብሎ።
«እዚህ ቁጥር አራት፣ የፕሩዊት ቤተሰብ፤
ከባሕር ኃይል ልጃቸው ይጽፍላቸው ነበር።
በስተግራ ቆፍሩ፤ መኝታው በዚያ ነው።»
ቆፈሩ። ሦስት ሰው። ሦስቱም ትንፋሽ አለው።

«ቁጥር ዘጠኝ፣ ኦፓል። ውሻዋን ተጠንቀቁ።»
ውሻው አልጮኸም።
ኦፓል ግን ከታች፣ ከማቀዝቀዣው ሥር ሆና፣
ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥና፣
«ቨርሊን፣ ዛሬም አረፈድክ» አለችው።

«ቁጥር ዐሥራ ሁለት» ብሎ ዝም አለ።
ከመሬቱ ላይ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ፣
ከደረጃው በላይ ምንም።
«ማን ነበር እዚህ?»
«ሎርና ቢስሊ። የሂሳብ መምህርት።
የአበባ ዘር ዝርዝር በየዓመቱ ይመጣላታል፤
ገና ነው። በጥር ነው የሚደርስላት።»
ቆፈሩ እስኪነጋ። ሲነጋ ውርጩ መጣ፣
ዘግይቶ፣ እንደሚያፍር።

ነፋሱ ወስዶታል የመንደሩን ፖስታ፤
ዘጠና ማይል ርቆ፣ ከኢንዲያና አጥር ላይ፣
አንድ ገበሬ አገኘው፣ ከሽቦው ተይዞ፦
ጭቃ የነካው ካርድ፣ «ለሎርና» የሚል፣
ከነቁጥሩ። ፖስታ ቤት ሄዶ መለሰው፤
ሳጥን የሌለው ካርድ ለቨርሊን ደረሰው።

ጃኬቱን ለብሶ ሄደ፣ በዝግታ፣ በቀን።
ሦስቱን ደረጃ ወጣ።
ካርዱን በግራ ይዞ፣ ቀኙን ጨብጦ፣ እንደ ልማዱ፣
ሊያንኳኳ እጁን አነሣ።