አመልካች

አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከዛፉ ጥላ ተጠግቼ
የሰው አቤቱታ ስጽፍ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጅቼ፣
ያ ልማድ ጸሎቴ ውስጥ ገባ።
ማታ ማታ ደብረ ብርሃን፣ ደጁን ስሜ እንደቆምኩ
ለአንተም «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርኩ።

«አንደኛ፣ የአዘዞው ቦታ ካርታው በስሜ እንዲዞር፤
ሁለተኛ፣ ልጄ የዝና ያን የመተማ ሾፌር
እንድትተወው፤ ምክንያቱ በሁለት ገጽ ተያይዟል።»
መፈረም ነበር የቀረህ፤ ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቷል።

«አባታችን ሆይ» ስልም፣ እንጀራው ጋ ልደርስ ስሮጥ
«ፈቃድህ ትሁን»ን እዘላት ነበር፣
እንደ ተሰበረ ደረጃ፣ ሳልረግጥ።

ትናንት ምላሴ እዚያች ላይ ተደናቀፈ።
ዝናቡ የግንቡን ድንጋይ ያጥባል፤ ሰዓቱ አለፈ፤
ትዝ አለኝ ስንቱ ባለጉዳይ
የለመነውን አግኝቶ፣
ተመልሶ ሲያለቅስ ከእኔው አግዳሚ ላይ።

ወረቀቱን አልቀደድኩም።
ቦታውን ዛሬም እሻለሁ፤ ሾፌሩንም ገና አልወደድኩም።
ብቻ «ጉዳዩ» ከሚለው ጎን ባዶ ትቼልሃለሁ፤
አንተ ጻፈው።
እጄ ቢንቀጠቀጥም፣ እኔ ቀለም አቀብላለሁ።